አንጎልን ያዳመጠው ሐኪም

ጀርመን ውስጥ ኮቡርግ ከምትባል ከተማ አጠገብ ኖይዘስ የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር በ1866 አንድ ታዋቂ ባለቅኔና የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ አረፈ። ስሙ ፍሬድሪክ ሩከርት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሩከርት ዐረብኛንና ፋርስኛን ጠንቅቆ የተማረ፣ በኤርላንገንና በበርሊን ዩኒቨርስቲዎች ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ ከቅዱስ ቁርኣን በርካታ ክፍሎችን ወደ ጀርመንኛ መልሷል። ትርጉሙ በመጽሐፍ የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1888 ነው። ሙስሊም አልነበረም። ይሁን እንጂ የዐረብኛውን ምት ጀርመንኛ ለሚያነብ ሰው ጆሮ ለማድረስ ብዙ የደከመ ሰው ነበር።

ሩከርት በሞተ በሰባተኛው ዓመት፣ በግንቦት ወር 1873፣ በዚያችው መንደር ልጁ አና ወንድ ልጅ ወለደች። አባቱ ሐኪም ነበር። ሕፃኑም ሐንስ በርገር ተባለ። ይህ ልጅ አድጎ ከእርሱ በፊት ማንም በወረቀት ላይ ያላሰፈረውን ነገር፣ የሰውን ልጅ አንጎል የኤሌክትሪክ ምት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ዛሬ በሆስፒታሎች «ኢ.ኢ.ጂ.» እየተባለ የሚታዘዘው ምርመራ የተገኘው ከእርሱ ሥራ ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን የዚህን ሰው የምርምር ሕይወት ለአንባብያን የምናቀርበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የፈለገው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ የሆነበት አስገራሚ ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ተሸፍኖ ከሚቀመጥ አንድ በሽታ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ከፈረስ የወደቀው ወታደር

ወጣቱ በርገር በ1892 ዬና ዩኒቨርስቲ የገባው ሒሳብና የሥነ ፈለክ ትምህርት ለመማር ነበር። ሕልሙ ከዋክብትን ማጥናት ነው። ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን አቋርጦ ለአንድ ዓመት በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ለማገልገል ተመዘገበ። ሃያ ዓመቱ አካባቢ እያለ በአንድ የልምምድ ዕለት ፈረሱ በድንገት ደንብሮ ወረወረው። የወደቀው በፈረስ በሚጎተት መድፍ መንገድ ላይ ነበር። የመድፉ መንኮራኩር ሊጨፈልቀው ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

በዚያው ዕለት ማታ ከአባቱ ቴሌግራም መጣለት። ደኅና መሆኑን የሚጠይቅ ነው። ለካስ በሩቅ ከተማ ያለች ታላቅ እህቱ «ወንድሜ አንድ ነገር ደርሶበታል» ብላ በጭንቀት አባቷን አላስቀምጥ ብላው ኖሯል።

እህት ለወንድሟ መጨነቋ እንግዳ ነገር አይደለም። በየቤታችን «ልቤ ነግሮኝ ነበር» የምትል እናት አትጠፋም። የእህቲቱ ስሜት ከምን እንደመጣ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። በርገር ግን ነገሩን እንደ ዋዛ ሊያልፈው አልቻለም። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የተሰማው ድንጋጤ ከአንጎሉ ወጥቶ እህቱ ዘንድ ደርሷል ብሎ አመነ። እንዲህ ከሆነ፣ ሐሳብ ኃይል አለው ማለት ነው፤ ኃይል ከሆነ ደግሞ ሊለካ ይገባል ብሎ ደመደመ። ከዋክብቱን ትቶ ሕክምና ተማረ። በ1897 ተመርቆ በዚያው በዬና የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ በታዋቂው ሐኪም በኦቶ ቢንስቫንገር ሥር ሥራ ጀመረ። ከዚያ ክሊኒክ ለአርባ ዓመት ያህል አልወጣም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሐኪምነት ከዘመተበት በቀር።

የአምስት ዓመት ዝምታ

በርገር የሐሳብን ኃይል ለመለካት በመጀመሪያ የሞከረው በደም ነው። በአደጋ ወይም በቀዶ ጥገና የራስ ቅላቸው አጥንት የጎደለባቸውን በሽተኞች እየመረጠ፣ ሲያስቡና ሲደነግጡ በአንጎላቸው ውስጥ ያለው የደም ምት እንዴት እንደሚለዋወጥ አጠና። ውጤቱን በ1901 አሳተመ። ቀጥሎ የአንጎልን ሙቀት ለካ፤ በ1910 ስለዚሁ መጽሐፍ ጻፈ። ከሁለቱም የሚፈልገውን አላገኘም። የቀረው ኤሌክትሪክ ነበር።

የእንስሳት አንጎል ኤሌክትሪክ እንዳለው በዚያን ጊዜ ይታወቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ኬተን በ1875 በጥንቸሎችና በዝንጀሮዎች አንጎል ላይ አይቶ ተናግሮ ነበር። ፖላንዳዊው አዶልፍ ቤክም በ1890 እንዲሁ። የሰው ግን አልተሞከረም። በርገር ቀደም ሲል በውሾች ላይ ያደረጋቸው ሙከራዎች አልሰመሩለትም። ስለ ኤሌክትሪክ መሣሪያም ያለው እውቀት የላቀ አልነበረም፤ ሐኪም እንጂ መሐንዲስ አይደለም። በ1919 ቢንስቫንገርን ተክቶ የክሊኒኩ ዋና ኃላፊና ፕሮፌሰር ሲሆን ደግሞ ጊዜውም ጠበበ። ስለዚህ ቀን በሽተኞቹን ሲያይ ይውልና፣ ሥራው ሲያበቃ ወደ ትንሽ የሙከራ ክፍሉ ይገባ ነበር። ምን እንደሚሠራ ከባልደረቦቹ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ሐምሌ 6 ቀን 1924 የራስ ቅሉ አጥንት በቀዶ ጥገና በከፊል የተነሣለት አንድ የ17 ዓመት ወጣት ላይ ሲሞክር የመሣሪያው ክር ሲንቀጠቀጥ አየ። ይህ ቀን ዛሬ በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። በርገር ግን ደስታውን ለማንም አላሰማም። የልብ ምት ቢሆንስ? የጭንቅላት ጡንቻ ቢሆንስ? መሣሪያው ራሱ ቢሆንስ? እያለ አምስት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲሞግት ቆየ። የልብን ምት በአንድነት እየመዘገበ አነጻጸረ። በተለያዩ ሰዎችና በራሱ ላይ ሞከረ። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው በልጁ በክላውስ ላይ ነው። በዚህ ልጅ ላይ ብቻ 73 ጊዜ መዝግቧል። አባት ልጁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንበር ላይ አስቀምጦ በራሱ ዙሪያ ሽቦ ሲጠቀልልበት፣ ልጁም በትዕግሥት ሲቀመጥለት መገመት አያዳግትም። የሳይንስ ታሪክ የክላውስን ትዕግሥት ብዙ አላነሣውም፤ እኛ ግን ሳናነሣው ማለፍ አልፈለግንም።

በ1929 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። እስከ 1938 ድረስ በዚያው ርዕስ 14 ጽሑፎች ተከታትለዋል።

«ኣሚን» እና ሹክሹክታ

ለመሆኑ በርገር ያየው ምን ነበር? ነገሩን ለወጣት አንባብያን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክር።

አንድ ሰው ከመስጊድ ግድግዳ ውጭ ቆሟል እንበል። ውስጥ ያሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዚክር ሲያደርጉ ውጭ ላለው የሚሰማው ነገር ቢኖር የተደበላለቀ ድምፅ ነው፤ ምናልባትም ምንም አይሰማው። ኢማሙ ፋቲሓን ጨርሶ ጀመዓው በአንድ ድምፅ «ኣሚን» ሲል ግን ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። የሰዎቹ ቁጥር አልጨመረም፤ በአንድነት መሆናቸው ነው ድምፁን ያወጣው።

የአንጎል የነርቭ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። የአንዱ ሕዋስ ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከአጥንትና ከቆዳ ውጭ አይደርስም። ብዙ ሺህ ሕዋሳት በአንድ ምት ከፍና ዝቅ ሲሉ ግን ከራስ ቅል ውጭ ይለካል። ያም ቢሆን ኃይሉ የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ አምሳ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ከአንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ሠላሳ ሺህኛ ገደማ ይሆናል።

በርገር ያስተዋለው፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ሰፊ ሞገድ መኖሩን ነው። «አልፋ» ብሎ ሰየመው። ሰውየው ዓይኑን ሲገልጥ ወይም የሒሳብ ጥያቄ ሲሰጠው ያ ሞገድ ይጠፋና ትንንሽና ፈጣን ሞገዶች ይተኩታል፤ እነዚህን «ቤታ» አላቸው። ሕዋሳቱ በየሥራቸው ሲበተኑ የጋራው ድምፅ ይቀንሳል ማለት ነው። ሥራ ፈት አንጎል ትልቅ ሞገድ፣ ሥራ የያዘ አንጎል ትንሽ ሞገድ! ነገሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ በመሆኑ፣ ያኔ ብዙ ሊቃውንት አላመኑትም።

ሊቁና የውኃ ጥንዚዛው

በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ኤድጋር አድሪያን የሚባል በነርቭ ጥናት የ1932ን የኖቤል ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር የተጋራ ሰው ነበር። እርሱና ብራያን ማቲውስ የተባለው ባልደረባው የበርገርን ጽሑፍ አንብበው ተጠራጠሩና ሙከራውን በራሳቸው ላይ ደገሙት። የአድሪያን አንጎል ጥርት ያለ አልፋ ሰጠ። የማቲውስ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1934 ውጤቱን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት በተግባር አሳዩ፤ በጽሑፋቸውም ሞገዱን በበርገር ስም ጠሩት። በርገር በአንድ ጊዜ ታወቀ።

በዚያው ሥራቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። ሁለቱ ሰዎች ከራሳቸው አንጎል ሌላ የውኃ ጥንዚዛን ነርቭም መዝግበው ነበር። ጥንዚዛዋ በጨለማ ስትሆን ተመሳሳይ ምት ታሳያለች፤ ብርሃን ሲበራባት ምቱ ይጠፋል። በተጨማሪም አልፋ በርገር እንደገመተው ከመላው አንጎል ሳይሆን በተለይ ከኋለኛው፣ ከማየት ጋር ከተያያዘው ክፍል እንደሚመጣ አሳዩ።

እንግዲህ በርገር የነፍስን ኃይል ፍለጋ ነበር የተነሣው። ያገኘው ግን ዓይን ሲጨፈን የሚመጣ፣ ሲገለጥ የሚሄድ፣ ጥንዚዛም የምትጋራው የአካል ሥራ ነው። ይህ ማለት ግኝቱ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። እንደኛ አመለካከት ስሕተቱ የነበረው በመሣሪያው ሳይሆን በተስፋው ላይ ነው። ስለ ሩሕ ለተጠየቀው ጥያቄ በአል-ኢስራእ ምዕራፍ የተሰጠውን መልስ አንባብያን ታውቁታላችሁ። በርገር ግን ሐሳቡን አልተወም፤ በ1940፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ያንን የፈረስ አደጋና የእህቱን ነገር የሚያነሣ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል።

የሞገዱ ጥቅም የታየው በሌላ በኩል ነው። በ1935 በአሜሪካ ቦስተን የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ለአፍታ ፈዘዝ ብለው የሚመለሱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች በሴኮንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ልዩ ሞገድ እንዳላቸው ደረሱበት። በ1936 እንግሊዝ አገር ግሬይ ዋልተር የተባለ ተመራማሪ በአንጎል ዕጢ ዙሪያ ዘገምተኛ ሞገድ እንደሚታይ አሳየ። ለብዙ ሺህ ዓመት «ምን ያዘው?» ሲባልበት የኖረው በሽታ በወረቀት ላይ መልክ አገኘ።

በፍርድ ወንበር ላይ

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ባለን። ለረጅም ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች በርገርን የናዚዎች ሰለባ አድርገው ሲጽፉ ኖረዋል። በኋላ መዛግብት ሲመረመሩ የተገኘው ሌላ ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ «በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው» የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በግድ እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። በሕጉ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ የሚጥል በሽታ ነበር። ጉዳዩን የሚያዩ ልዩ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሐኪሞች በዳኝነት ተቀመጡባቸው። በርገርም በዬና የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አባል ሆኖ ሠርቷል። በዚያ ሕግ በመላው ጀርመን 400,000 ያህል ሰዎች እንዲመክኑ ተደርጓል።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አንጎል ለማየት የሚያስችለውን መሣሪያ ለዓለም የሰጠ ሐኪም፣ ያንኑ በሽተኛ «ልጅ መውለድ አይገባህም» ከሚል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን የምንጽፈው ሥራውን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ልጆቻችንን የሳይንስ ሰዎችን ታሪክ ስናስተምር ግማሹን ብቻ መንገር አይገባም ብለን ስለምናምን ነው። እውቀት ለባለቤቱ እዝነትን በራሱ አያመጣም።

በርገር በ1938 ጡረታ ወጣ። የኖቤል ሽልማት ሳያገኝ ቀረ። በኋላም በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታመመ፤ በሰኔ 1941 መጀመሪያ፣ በ68 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ስንት የአእምሮ ሕመምተኛ ያከመ ሰው በራሱ ላይ የመጣበትን ሕመም ማለፍ አልቻለም።

ወደየቤታችን

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ከ60,820 ሰዎች መካከል ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት 316 ታማሚዎችን አግኝተዋል። ከሺህ ሰው አምስት ማለት ነው። ይህን ቁጥር በሰፈራችሁ፣ በመድረሳችሁ፣ በመስጊዳችሁ ጀመዓ ላይ አስቡት። እነዚህ ልጆች የት ናቸው? ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ከእንግዳ ይደበቃሉ። ትምህርት ያቋርጣሉ። ልጅቱ ከሆነች ደግሞ «ማን ያገባታል?» ተብሎ ወሬው ከቤት እንዳይወጣ ይታፈናል።

«ጂን ነው» የሚለውን አባባል በተመለከተ ጥቂት እንበል። የጂን መኖር የእምነታችን አካል ነው፤ ሩቅያም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን የጥንት ዑለማዎች ነገሩን አልደበላለቁትም። ኢብን አል-ቀይም (ረሒመሁላህ) መጣል ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንደኛው ከአካል የሚመጣና የሐኪሞች ጉዳይ እንደሆነ ጽፈዋል። ከእርሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ኢብን ሲና በታወቀው የሕክምና መጽሐፉ በሽታውን ከራስ በሽታዎች ጋር መድቦ አስተምሯል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያችን ጥቁር ሴት ታሪክ ተመልከቱ። ትወድቅ ነበር፤ ስትወድቅም ሰውነቷ ይገለጥ ነበር። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግ ደግሞ ለፈውስ ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። መታገሥን መረጠች፤ ግን እንዳትገለጥ ዱዓ ጠየቀች፤ አደረጉላት። አላፈሯትም፤ አላባረሯትም። ኢብን ዐባስም ለተማሪያቸው ያሳይዋት ከጀነት ሰዎች አንዷ ናት ብለው ነው። እንግዲህ የሚወድቅ ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚያፍረው በምንድን ነው?

ሩቅያ የሚያደርግ ሰው የሐኪም ቤቱን በር መዝጋት የለበትም። ሕክምናውም ሩቅ አይደለም። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ ማገልገል የጀመረው በ1912 ሲሆን ዛሬም በርካሽ ከሚገኙት አንዱ ነው። በትክክል ከታወቀና ከታከመ ከመቶ ታማሚ እስከ ሰባ የሚሆነው ሳይወድቅ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱን ግን «ተሽሎታል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ከቀድሞው የባሰ መውደቅን ያመጣል። በተለይ በረመዳን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ነው፤ የመድኃኒት ሰዓትም በራስ ፈቃድ አይገፋም። አንዳንዱ መድኃኒት በኢፍጧርና በሱሑር ሊወሰድ ይችል ይሆናል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሽተኛ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑን እናውቃለን።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። አረፋው አይተላለፍምና በፍርሃት አትሽሹ። ስለታምና ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አንሡ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ሻሽ ወይም ቁልፍ ካለ አላሉት፤ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ በጎኑ አስተኙት፤ ሰውነቷ የተገለጠ እህት ካለች ሸፍኗት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ዳግመኛ ከወደቀ በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱ።

ሐኪሙ ኢ.ኢ.ጂ. ካዘዘ «ልጄን ኤሌክትሪክ ሊያስይዙት ነው» ብለው የሚሸሹ ወላጆች እንዳሉ ሰምተናል። መሣሪያው ወደ ራስ የሚያስገባው ምንም ነገር የለም፤ የሚያዳምጠው ብቻ ነው። አያምምም። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውጤቱ ደኅና ሆኖ በሽታው ሊኖር እንደሚችልም እወቁ፤ ሞገዱ የሚታየው በዚያች ሰዓት ከመጣ ነውና ዋናው ነገር ሲወድቅ ያየ ሰው ለሐኪሙ አጣርቶ መናገሩ ነው። ሒጃብ የምታደርግ እህት ራሷን መግለጥ ስለሚያስፈልጋት በሴት ባለሙያ እንዲደረግላት አስቀድማ ትጠይቅ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ፀጉር በሳሙና ይታጠባል፤ ቅቤና ቅባት አይቀባም፤ ሽቦዎቹ ቆዳውን በደንብ መንካት አለባቸውና። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ ልጁ ሌሊቱን ብዙ ሳይተኛ እንዲመጣ ያዛል። ባለሙያው ልጁን በጥልቀት እንዲተነፍስ ይነግረዋል፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ያሳየዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚያዘው ቀላሉን ነገር ነው፦ ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን ደግሞ ግለጥ።